ከፋብሪካ ቦይ እስከ ሕሙም አልጋ፦ የአንቲባዮቲክ ብክለትን በሚመለከቱ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ምልከታ

ባክቴሪያዎች መድኃኒትን የሚላመዱበት ምክንያት በተነሣ ቁጥር በሕክምና ትምህርት ቤቶችም ሆነ በጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ የሚዘረዘሩት ጥፋቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ እነዚህም ያለ በቂ ምክንያት ማዘዝ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥና ከታዘዘው ውጭ መውሰድ ናቸው። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን ጎዶሎ ነው። አዛዡን፣ ሻጩንና ታማሚውን ብቻ ተጠያቂ ሲያደርግ፣ መድኃኒቱ ወደ ማንም አፍ ሳይገባ በተመረተበት ስፍራ ከፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚያደርሰውን ጉዳት ከቁጥር አያስገባም። ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው በሕንድ አገር፣ በሃይደራባድ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ፓታንቼሩ የተካሄዱ ጥናቶች ከታተሙ ወዲህ ነው።

እነ ላርሶን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ90 ያህል የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚመጣውን ፍሳሽ ከሚያጣራ ጣቢያ የሚለቀቀውን ውኃ መረመሩ። በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 31 ሚሊግራም የሚደርስ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኘ። አንድ ሕመምተኛ 500 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲውጥ በደሙ ፕላዝማ ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን በሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ የጤና ባለሙያ ይህ ቁጥር ማብራሪያ አያሻውም። ተጣርቷል የተባለው ውኃ በመታከም ላይ ካለ ሰው ደም ይልቅ ከአሥር እጥፍ የበለጠ መድኃኒት ይዞ ይለቀቅ ነበር። በአንድ ቀን የሚፈሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን 45 ኪሎግራም ያህል እንደሚሆን የተገመተ ሲሆን፣ ይህም መላዋ ስዊድን በአምስት ቀን ከምትጠቀመው ጋር የሚመጣጠን ነበር።

የጥናቱ ጥንካሬ ቀጥተኛነቱ ነው። ሆኖም የለካው መድኃኒቱን እንጂ ባክቴሪያዎቹን አልነበረም፤ ስለሆነም መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች መብዛታቸውን እንዳረጋገጠ አድርጎ መጥቀስ ከውጤቱ በላይ መናገር ነው። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ተከታዮቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ብክለቱ በአካባቢው ሐይቆችና የጉድጓድ ውኃዎች ውስጥ መኖሩን አሳየ። የ2011ዱ ደግሞ በወንዙ ደለል ውስጥ መድኃኒትን የመቋቋም ባሕርይ የሚያወርሱ ጂኖች በብዛት መኖራቸውን፣ ጂኖቹን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚያሻግሩ የዘር ቅንጣቶችም አብረው መገኘታቸውን አመለከተ።

ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በቂ ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። የሰው ዐይነ ምድር ራሱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ተሸክሞ ወደ ወንዝ ይገባል። በመሆኑም በአንድ ወንዝ ውስጥ እነዚህ ጂኖች መገኘታቸው ብቻውን መላመዱ እዚያው ስለ መፈጠሩ ማስረጃ አይሆንም። እነ ካርክማን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በሰው አንጀት ባክቴሪያዎች ላይ የሚኖር አንድ ቫይረስን እንደ ምልክት በመጠቀም ሁለቱን ለመለየት ሞከሩ። ከሰው ንክኪ ባልራቁ አብዛኞቹ አካባቢዎች የጂኖቹ ብዛት በዐይነ ምድር ብክለት መጠን ሊገለጽ ቻለ። ጎልቶ የወጣው ልዩ ሁኔታ በመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ እጅግ የተበከለው ደለል ነበር። ይህ ውጤት ሁለት ወገኖችን ያርማል። የተበከለ ወንዝ ሁሉ አዲስ መላመድ የሚፈለፈልበት ነው የሚለው አባባል የተጋነነ ነው፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳት የለውም የሚለውም መቆሚያ የለውም።

ሌላው ክርክር የመጠን ጉዳይ ነው። ባክቴሪያውን ለመግታት የማይበቃ መጠን ጉዳት የለውም የሚለው ግምት እ.ኤ.አ. በ2011 በእነ ጉልበርግ የላቦራቶሪ ሥራ ተፈትኗል። መድኃኒት የተላመደው ባክቴሪያ ካልተላመደው ጋር ተቀላቅሎ ሲያድግ፣ የመድኃኒቱ መጠን እድገትን ለመግታት ከሚያስፈልገው ከመቶ እጥፍ በላይ አንሶ እንኳ የተላመደው የበላይነት ሊይዝ እንደሚችል ታየ። ግኝቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የላቦራቶሪ ብልቃጥ ጭቃ፣ የፀሐይ ብርሃንና ቁጥር ስፍር የሌላቸው ተሕዋስያን ያሉበትን ወንዝ አይተካም። ከእንዲህ ያሉ ሙከራዎች የሚወጡ የመጠን ወሰኖች መታየት ያለባቸው እንደ ግምት ነው።

ጉዳዩን ለሕሙም አልጋ የሚያቀርበው የጂኖቹ ታሪክ ነው። ሴፋሎስፖሪኖችን የሚያፈርሱት ሲቲኤክስ-ኤም የተባሉት ኤንዛይሞች ምንጭ ክሉይቬራ የተባለው የባክቴሪያ ዝርያ ነው። የኪውኤንአር-ኤ ጂን ደግሞ በውኃ ከሚኖረው ሸዋኔላ አልጌ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሽግግር ብርቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሳካ ዓለምን ለማዳረስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከዚህ ውስጥ የአካባቢ ብክለት ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች አንዳቸውም አልለኩም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ሥነ ጽሑፍ ውጭ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ104 አገሮች ወንዞች ላይ በታተመው ጥናት፣ አዲስ አበባ በድምር የመድኃኒት ክምችት ከላሆርና ከላ ፓዝ ቀጥላ በሦስተኛ ደረጃ ተመዝግባለች፤ አማካዩም በሊትር 51.3 ማይክሮግራም ነበር። ይህ ድምር ግን ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን ያጠቃለለ እንጂ የአንቲባዮቲክ ብቻ ስላልሆነ፣ ለመላመድ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይገባም። በአንጻሩ ችላ ማለትም አያዋጣም፤ በአቃቂ ወንዝ ውኃ አትክልት ይለማልና። የ2019ኙ ጥናት ፍርድ ከተወሰደ፣ እንዲህ ባለ ከተማ ቅድሚያ የሚሰጠው መፍትሔ የመጸዳጃና የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ነው። ለፓታንቼሩ የሚስማማው መድኃኒት እንዳለ ለአዲስ አበባ አይታዘዝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በአንቲባዮቲክ ማምረቻ ፍሳሽ ላይ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ነው። መመሪያው የሚያስመሰግን ቢሆንም አስገዳጅነት የለውም፤ ሆስፒታሎችንና የከብት እርባታንም አይሸፍንም። ሕንድ በጥር 2020 በረቂቅ ደረጃ ያቀረበችው የአንቲባዮቲክ ቅሪት ወሰን በነሐሴ 2021 በወጣው የመጨረሻ ደንብ ውስጥ አልተካተተም። ወሰን ማስቀመጥ ዋጋ አለው፤ ወጪው በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ቢጨመር የሚጎዱት ርካሽ አንቲባዮቲክ የሚሸምቱ ድሆች አገሮች ናቸው፤ መድኃኒት ማጣትም ይገድላል። ስለዚህ ሸክሙ በአምራቹ ብቻ ሳይሆን በገዢውና በመንግሥትም ሊከፈል ይገባል።

በግድግዳው ዝርዝር ላይ አራተኛ መሥመር መጨመር አለበት። ታማሚውን በአወሳሰዱ የሚገሥጽ ተቋም፣ ጊዜው ያለፈበትን አንቲባዮቲክ በራሱ የእጅ መታጠቢያ የሚደፋ ከሆነ፣ ትምህርቱን በገዛ እጁ እየሻረ ነው።