መቀስ የነካው ጎፈር

የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አራት ኪሎ ድል ሐውልት ሥር የሚሰበሰበው ሕዝብ አርበኛ ባየ ቁጥር «እንዴት ያለ ጎፈር ነው!» ይላል። የሚያደንቀው ግን ትልቅነቱን ነው። ሻጮችም ይህን አውቀው ያገዝፉታል።

ጎፈር ከአንበሳ እንደሚሠራ፣ አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመ ሰው የሚያጠልቀው የጀግንነት ምልክት እንደሆነ አላስረዳም፤ ይህን የማያውቅ ገዢ ከገበያው ይራቅ። ቀለሙንም ቢሆን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያደጉትን ባለጥቁር ጎፈር አንበሶች ያየ ሰው አይስተውም። በአንበሳ ስም የሚሸጠው የተነከረ የፍየል ጠጉር ግን ቀለሙ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

እኔ የማየው ጫፉን ነው። መቀስ ያልነካው ጠጉር ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ አንዱ ረዘም፣ ሌላው አጠር ብሎ ነፋስ ሲመጣ ለየብቻው ይነቃነቃል። የተከረከመው ግን እንደ ጥርስ ብሩሽ ባንድ ልክ ይቆማል። ሻጩ «የተስተካከለ ነው» ይላል፣ ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል፣ እኔ እናደዳለሁ። መዳፋችሁን በጫፉ ላይ አሳልፉ፤ ከኮሰኮሳችሁ ተዉት። መቀስ የነካው ጎፈር ጎፈር አይባልም።

በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ ቆዳ ሠሪ ሽማግሌ ለዚህ ሥራ መቀስ አያነሡም ነበር። ቆዳውን ገልብጠው በሥጋው በኩል በስለታም ቢላ ይቆርጡታል፤ ስለቱ ቆዳውን ይለያል እንጂ ጠጉሩን አያገኘውም። አንድ ደንበኛ «ግንባሬ ላይ ይወርዳል፣ ይከርክሙልኝ» ቢላቸው «አንበሳውም ላይ ይወርድበት ነበር» ብለው መለሱለት። እሳቸው ቤት የሚመጡት አርበኞች ከ1928 እስከ 1933 ጎፈሬያቸውን አሳድገው ዱር የከረሙ ነበሩ። ለእነሱ የተከረከመ ጎፈር ማቅረብ ስድብ ነበር።

የፍየል ጠጉር ማጥለቅ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ፍየሉን አንበሳ ብሎ መሸጥ ነው። አዲስ የአንበሳ ጎፈርም አትፈልጉ፤ አንበሳው ራሱ እየተመናመነ ነው። የአያታችሁ ጎፈር ከሣጥን ውስጥ ካለ ግን ለበዓሉ አውጥታችሁ አራግፉት፣ አናፍሱት፣ «ላስተካክልላችሁ» ለሚል ሰው አትስጡት። አንዴ የተከረከመ ጎፈር ተመልሶ አይበቅልም።