ዓይን ከመጨፈን በፊት

በእጩ መኮንኖች ምርጫ ላይ አዲስ የተመደበ ገምጋሚ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ «መሪ የሚሆነውን ልጅ ገና ከበር ሲገባ ካወቅሁት፣ ይህን ሁሉ ነጥብ በየመስመሩ መሙላት ለምን አስፈለገ?» የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ወታደር ሲመራ የኖረ ሰው በዓይኑ ቢተማመን አይፈረድበትም። የእኔ አቋም ግን የጸና ነው፤ በዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ያ የመጀመሪያ እይታ ነው። የአሜሪካ ጦር በአርኦቲሲ፣ ማለትም የኮሌጅ ተማሪዎችን ለመኮንንነት በሚያሠለጥነው ፕሮግራሙ በኩል የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ እንውሰድ። የትምህርት ማርክ፣ የኤስኤቲ ውጤት፣ ፑሽ አፕና የ1 ማይል ሩጫ በቁጥር ስለሚመጡ ብዙ አያከራክሩም። ፍርዳችን የሚፈተነው ቃለ መጠይቁ ላይ ነው።

የመጀመሪያ እይታ እንደሚያሳስት ማስረጃው የቆየ ነው። በ1950ዎቹ የእስራኤል ጦር እጩ መኮንኖችን የሚፈትነው እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባወጡት ዘዴ ነበር። ማዕረጋቸው የማይታይ 8 ሰዎች አንድ ረጅም ግንድ ይሰጣቸውና 2 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ግድግዳ ተሻገሩ ይባላሉ። ግንዱ መሬት ወይም ግድግዳ ከነካ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ደክሞት እንደተወ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ገምጋሚዎቹም ስለ እያንዳንዱ ልጅ በሙሉ ልብ ይፈርዱ ነበር። ይሁን እንጂ ከመኮንኖች ማሠልጠኛው የሚመጣው ውጤት ፍርዳቸው ከግምት እምብዛም እንደማይሻል ያሳይ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ወጣቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳንኤል ካህነማን ነበር። በኋላ ለምልምሎች ቃለ መጠይቅ ሲያዘጋጅ 6 ጠባዮችን ለየ፤ እያንዳንዱ ጠባይ፣ ልጁ ስለ ሠራው ነገር ተጠይቆ፣ ወደሚቀጥለው ከመታለፉ በፊት ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጠው አደረገ። ጠያቂዎቹ ማሽን አደረግኸን ብለው ቢያማርሩ፣ ሁሉንም ከሞላችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ልጁን ወታደር ሆኖ በሐሳባችሁ ሳሉትና አንድ ነጥብ ጨምሩ አላቸው። የስድስቱ ድምር ከቀድሞው ቃለ መጠይቅ እጅግ የተሻለ ሆነ። ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠውም ነጥብ ከድምሩ አላነሰም። እንግዲህ የልምድ ዓይን ዋጋ አለው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን ተራውን ሲጠብቅ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ ልጆች የበለጠ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ላደገ፣ የአሜሪካ ዜግነት ላለው የሐበሻ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ ማድረግ ከቤቱ የተማረው ጨዋነት ነው። «እኔ» ለማለት ያፍራል፣ «እኛ» ይላል። በመጀመሪያ እይታ የሚፈርድ ገምጋሚ «በራሱ አይተማመንም» ብሎ ይዘጋዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ከሥሩ የሚጠይቅ ግን ሌላ ልጅ ያገኛል። ከትምህርት በኋላ ስንት ሰዓት ትሠራለህ? ታናናሾችህን ከትምህርት ቤት የሚያመጣቸው ማን ነው? እናትህ ሐኪም ቤት ስትሄድ የሚያስተረጉምላት ማን ነው? የቡድን አምበል ሆኖ የማያውቅ ልጅ፣ ቤተሰብ ተሸክሞ መኖሩ የሚገለጠው እንዲህ ባለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከታወቀ መልሱ ይጠናል የሚሉ አሉ። የሚጠናውስ «አመራር ለአንተ ምንድን ነው?» ለሚለው ዓይነት ነው። የሥራ ፈረቃህ ከታናሽህ መውጫ ሰዓት ጋር የተጋጨ ቀን ምን አደረግህ ሲባል ግን የሸመደደ ሰው ቶሎ ይደርቃል። ሰው ተቆራርጦ አይመዘንም የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው። ጠባዮቹን የምንለያየው የአንደበቱ ማማር ታማኝነቱንና ጽናቱን አብሮ እንዳያስቆጥርለት ነው።

ይህን ሥራ የምወደው ከፊታችን የሚቀመጠው የ17 ዓመት ልጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ከ30 እስከ 40 ሰው ይረከባል። ያ ሰው ሁሉ አዛዡን አልመረጠም፤ እኛ መረጥንለት። ስለዚህ አዲሱ ባልደረባዬ ሆይ፣ መስመሮቹን ሁሉ ሙላ፣ ከዚያ ዓይንህን ጨፍን። ያን ጊዜ ልጁን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚሰለፉትንም ታያለህ።