ያረጀው ስልኩ ነው ወይስ ባትሪው? አይፎን 6ኤስ ከ10 ዓመት በኋላ ሲገመገም

ስልካችሁ ስንት ዓመቱ ነው? 4? 6? ቻርጁ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ድርግም የሚል፣ ቴሌግራም ለመክፈት የሚያስለምን ስልክ ይዛችሁ ከሆነ «በቃ አርጅቷል፣ ቀይረው» የሚለውን ምክር ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ምክሩ ርካሽ ነው፤ ስልኩ ግን አይደለም። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ ዋጋው ምን ያህል እንደራቀን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከመቀየራችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከስልኩ ውስጥ ያረጀው የቱ ክፍል ነው?

ለማሳያ የመረጥኩት በመስከረም 2015 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ የዋለውን አይፎን 6ኤስ ነው። ዕድሜው 10 ዓመት ስላለፈ የአንድን ስልክ እርጅና ከነታሪኩ ያሳየናል። ደግሞም ስለ አሮጌ ስልኮች ትልቅ ክርክር ካስነሱት አንዱ እሱ ነው።

ቺፑ አላረጀም

«ስልኬ ድሮ ይፈጥን ነበር» ስንል ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው ፕሮሰሰሩን ነው። 6ኤስ ውስጥ ያለው ኤ9 የተባለ ቺፕ ግን መጀመሪያ ቀን ይሠራ የነበረውን ስሌት ዛሬም በዚያው ፍጥነት የመሥራት አቅም አለው። ሲሊከን በተለመደው አጠቃቀም እንደ ጫማ ሶል ተፍቆ አያልቅም። የተለወጠው የምንጭንበት ሥራ ነው። መተግበሪያዎች በየዓመቱ እየገዘፉ መጡ፤ የ6ኤስ ራም ግን ያው 2 ጊጋባይት ነው። ራምን እንደ ጠባብ የጥናት ጠረጴዛ አስቡት፤ አዲስ መጽሐፍ ለመዘርጋት የቀድሞው መነሳት አለበት። ከቴሌግራም ወደ ብሮውዘር ሄዳችሁ ስትመለሱ መተግበሪያው ከዜሮ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ሌላውም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም። ባለ 12 ሜጋፒክሰሉ ካሜራ በቀን ብርሃን ዛሬም ጥሩ ፎቶ ያነሳል፣ 4ኬ ቪዲዮም ይቀርጻል። ማታ ግን ፎቶው ይደበዝዛል፣ ነጠብጣብም ይበዛበታል። 4.7 ኢንች ስክሪኑ በአንድ እጅ ይያዛል። ተከታዩ አይፎን 7 ያስወገደው የኢርፎን ቀዳዳም እዚህ አለ። በማከማቻ በኩል ግን ጥፋት አለ። መነሻው ሞዴል 16 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ስልክ ሲሞላ ይንቀረፈፋል፤ ምክንያቱም ፍላሽ ሜሞሪ አዲስ ነገር ለመጻፍ አስቀድሞ የተጠረገ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በፊት ጽዳት ይጠብቃል።

ያረጀው ባትሪው ነው

የሊትየም አዮን ባትሪ የኬሚካል ዕቃ ነው፤ ብትጠቀሙበትም ብታስቀምጡትም ያረጃል። በተሞላና በተራገፈ ቁጥር አንደኛው ኤሌክትሮድ ላይ ያለው ስስ ሽፋን እየወፈረ ይሄድና ኃይል ማመላለስ የነበረበትን ሊትየም ይዞ ያስቀራል። በዚህ ምክንያት ባትሪው የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሁለተኛው ችግር የውስጥ ሬዚስታንሱ መጨመሩ ነው።

የኦምን ሕግ አስታውሱ። ባትሪው ላይ 3.6 ቮልት አለ እንበል፤ ካሜራውን ስትከፍቱ ስልኩ ለቅጽበት 2 አምፔር ይጠይቃል። የአዲሱ ባትሪ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ከሆነ 0.2 ቮልት ይወርድና 3.4 ይቀራል። ያረጀው 0.3 ኦም ከሆነ ግን 0.6 ቮልት ይወርድና 3.0 ብቻ ይቀራል። ስልኩ ከ3.2 ቮልት በታች መሥራት የማይችል ከሆነ፣ ገና ቻርጅ እያለው ይጠፋል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ ነገሩ የሚሆነው ግን በዚሁ መንገድ ነው። ብርድ ሬዚስታንሱን ስለሚያባብስ ደጋ አገር ያላችሁ ጠዋት ጠዋት ብሶበት ልታዩት ትችላላችሁ።

በ2017 መጀመሪያ አፕል ይህን ድንገተኛ መጥፋት ለመከላከል አይኦኤስ 10.2.1 በተባለው አፕዴት ባትሪያቸው የደከመ ስልኮች ፕሮሰሰራቸው ሥራ ሲበዛበት እንዲቀዘቅዝ አደረገ። ለተጠቃሚው ግን በግልጽ አልተናገረም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የ6ኤስ ተጠቃሚዎች ባትሪ ሲቀይሩ ፍጥነቱ እንደሚመለስ አስተዋሉ። ጊክቤንች የተባለውን የፍጥነት መለኪያ የሠራው ጆን ፑልም የብዙ ስልኮችን ውጤት በግራፍ አውጥቶ አሳየ። አፕል አመነ፤ ይቅርታ ጠየቀና የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። በ2020 ደግሞ ፈረንሳይ ተጠቃሚዎችን ባለማሳወቁ 25 ሚሊዮን ዩሮ አስቀጣችው።

እንደ ኢንጂነሪንግ ካየነው መፍትሔው ራሱ ትክክል ነበር፤ መሀል መንገድ ላይ ከሚጠፋ ስልክ ቀስ የሚል ስልክ ይሻላል። ጥፋቱ ዝምታው ነው። እስቲ አስቡት፣ የደከመው አንድ ተቀያሪ ዕቃ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ «ስልኬ አርጅቷል» ብሎ ሙሉውን ስልክ ቀየረ። የአሮጌ ስልክ ትልቁ ድክመት ማርጀቱ ሳይሆን የቱ እንዳረጀ አለመናገሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የማይታየው ሰዓት

ባትሪ ይቀየራል። ሶፍትዌር ሲቋረጥ ግን ጠጋኝ ቤት ሄዳችሁ የምታስቀይሩት ነገር የለም። በዚህ በኩል 6ኤስን ማድነቅ ፍትሕ ነው። በአይኦኤስ 9 ጀምሮ እስከ 15 ደርሷል፤ የተተወው በ2022 አይኦኤስ 16 ሲመጣ ነው። ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ የደህንነት ማስተካከያ ደርሶታል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢያገኙ ነው።

ይህ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የኔዘርላንዱ ፌርፎን በ2015 መጨረሻ ያወጣው ፌርፎን 2 ባትሪው ያለ መፍቻ በእጅ የሚወጣ ነበር። ቺፑን የሠራው ኳልኮም ከአንድሮይድ 6 በላይ ድጋፍ ባይሰጥም ትንሹ ኩባንያ ስልኩን እስከ አንድሮይድ 10 አደረሰው። አሁን ግፊቱ ወደ ሕግ አድጓል፤ ከሰኔ 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ ላይ የሚወጣ አዲስ ስልክ ባትሪው ከ800 ዙር ቻርጅ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ይጠበቅበታል።

አፕዴት የተቋረጠበት ስልክ ትናንት እንደነበረው ነው የሚታየው። ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን ክፍት እንደሆነ ይቀራል። መተግበሪያዎችም አንድ በአንድ ይሸሻሉ፤ ለምሳሌ ዋትስአፕ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ከአይኦኤስ 15.1 በታች መሥራት አቁሟል። 6ኤስ ለጥቂት ተረፈ፤ ከእሱ በፊት የነበረው አይፎን 6 ግን ቀረ።

ታዲያ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። 6ኤስ አዲስ ባትሪ ካገኘ ለጥሪ፣ ለንባብ፣ ለሙዚቃና ለቀን ፎቶ ዛሬም የሚያኮራ መሣሪያ ነው። ገንዘባችሁን የምታንቀሳቅሱበት ብቸኛ ስልክ እንዲሆን ግን አልመክርም። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ቀስ ቢል ምንም አይደል፤ አፕዴት ማጣቱ ነው የሚያሳስበው።

የእናንተን ስልክ ለመፍረድ ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ ባትሪውን፦ አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ ሄልዝ» ከ80 በመቶ በታች ካሳየ ከስልክ በፊት ባትሪ ቀይሩ፤ ካበጠ ግን አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ቀጥሎ ማከማቻውን፦ የቴሌግራምን ካሽ ብቻ ማጽዳት ስንት ጊጋባይት እንደሚያስለቅቅ ስታዩ ትገረማላችሁ። በመጨረሻ የደህንነት አፕዴቱን ቀን፦ አንድሮይድ ላይ «ሴኩሪቲ አፕዴት» የሚለው ከዓመት በላይ ካስቆጠረና አዲስ ካልመጣ፣ የባንክ መተግበሪያውን ወደ ሌላ ስልክ አዛውሩ። ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ስትሄዱም ከካሜራው በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ።