ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ በሽታዎች ስያሜ አጭር ትችት

በሽተኛው ወዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን ቤተ ሰቡ ለሕመሙ የሰጠው ስም ነው። ስለዚህ ለአንጎልና ለነርቭ በሽታዎች በአማርኛ ከተሰጡት ስሞች ጥቂቶቹን በመመርመር፣ የፈረንጅኛው ስም ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውን በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አስተያየት ልቃወም እወዳለሁ።

ከሁሉ የማደንቀው «ማጅራት ገትር» የሚለውን ነው። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ሲቆጣ አንገት ይገተራል፤ በሽተኛው አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ያቅተዋል። ሐኪሙም ሲጠረጥር የሚፈትነው ይህንኑ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ሽፋኑን ባያይም ምልክቱን አጥርቶ አይቷል።

«የሚጥል በሽታ» ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። በአንጎል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በድንገት ሲታወክ አንዱ ወድቆ ይንፈራገጣል፤ ሌላው ግን ሳይወድቅ ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኑን ተክሎ ፈዝዞ ይቀራል። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ የሚፈዝ ልጅ ነበር። መምህሩ ሰነፍ እያለ ይቀጣው ነበር፤ ስላልወደቀ ታሟል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በኋላ ክፍል ውስጥ በወደቀ ጊዜ ስሙ ተገኘለት። ያን ጊዜም አንዱ ክብሪት ጭሮ ሲያሸተው፣ የቀረነው ይተላለፍብናል ብለን ሸሸን። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ የክብሪት ጢስም አይጠቅምም። ያስፈልገው የነበረው በጎኑ አስተኝቶ ራሱን ከጉዳት የሚጠብቅለት ሰው ነበር።

ታዲያ «ኤፒሌፕሲ» ብንል ይሻላልን? ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፍችው «መያዝ» ነው፤ ከእኛው «ልክፍት» እምብዛም አይርቅም። በሂፖክራጥስ ስም ከሚታወቁት ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ሕመሙ ከአንጎል እንደሚነሣ ቢያስረዳም፣ ስሙ እንዳለ ቀርቷል። ነርቭን «ጅማት» ብለው የሚተረጉሙትንም በድንቁርና መክሰስ አይገባም፤ «ኔውሮን» የሚለው የግሪክኛ ቃል ራሱ አስቀድሞ ጅማት ማለት ነበርና።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስትሮክን ሁሉ «የአንጎል ደም መፍሰስ» ብሎ መጻፍ ነው። የሚበዛው ስትሮክ የሚመጣው የደም ሥር ተዘግቶ እንጂ ፈንድቶ አይደለም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሥሩ ለተዘጋበት ሰው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ ሊረዳ ይችላል፤ ደም ለፈሰሰው ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እኛ በስም ያዋሐድናቸውን ሁለት ነገሮች ሐኪሙ አንጎልን በሲቲ ስካን አንሥቶ ይለያቸዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ስትሮክ» የሚለውን እንዳለ መውሰድ እመርጣለሁ፤ ፈረንጅኛን የተቃወምሁ ሰው ይህን ማለቴ ቢያስቅም።

ለዚያ ለሚፈዘው ልጅ ሕመም ግን እስካሁን ልቤን የሚያረካ የአማርኛ ስም አላገኘሁም።