መጀመሪያ ሰሙን

ግጥም ሳስተምር ተማሪዎች ገና አንብበው ሳይጨርሱ «ወርቁ የቱ ነው?» ይላሉ። ችኮላው ያሳዝነኛል። ግጥሙን እንቆቅልሽ ያደርገዋል፤ መልሱ ከታወቀ እንቆቅልሽ ደግሞ ማን ይመለስበታል?

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰሙ ላይ የቀረች ጉድፍ ወርቁ ላይ ትታያለች።

ለክፍል ብዬ የገጠምኋት ይህቺ ናት፦

ቡናሽ ከወዴት ነው ብዬ ብጠይቃት፣
አገሩ ከፋ አለች ፍሙ እያሞቃት።

ኅብሯ፣ ሁለቱን ፍቺ የያዘው ቃል፣ «ከፋ» ነው። ሰሙ የቡና ወሬ ነው፤ ቡናው የመጣው ከከፋ ነው፣ ሴትዮዋም ከምድጃው ዳር ተቀምጣለች። ወርቁ የአገር መክፋት ነው። መጨረሻውን «እንባዋ ቀደማት» ብሎ መቋጨትም ይቻላል፤ ስድስት ስድስቱ ቀለም አይጎድልም፣ ቤትም ይመታል። ግን የቡናው አገር የት ነው ስለተባለ ማን ያለቅሳል? ሰሙ እዚያው ይፈርሳል፣ እንባው ምሥጢሩን ቀድሞ ያወጣዋል። ፍሙ ግን ለሁለቱም ያድራል፦ ቡና ያለ እሳት አይፈላም፤ የከፋው ሰውም ዐይኑን ፍም ላይ ተክሎ ይውላል።

ፈተና ላይ ቢመጣ «እንባዋ ቀደማት» ሰውኛ ዘይቤ ተብሎ ነጥብ ያሰጣል። የዘይቤ ስም መሸምደድ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ስሙ ትክክል ሆኖ ግጥሙን የሚጎዳ ዘይቤ አለ።

የግእዙ ቅኔ ቤት ጥንቃቄውን ከሥር ጀምሮ ያስይዛል። ዋድላም ሆነ ዋሸራ፣ ጀማሪው የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት ብቻ። እሷን ሳያሳምር 8 ቤት ያለውን መወድስ አይነካም። ለብቻው ተቀምጦ የቋጠረውን መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቋጥራል። እኛ በአንድ ሴሚስተር ስለ ዘይቤ ሁሉ አስተምረን እንጨርሳለን፤ ይህ ልክ አይመስለኝም።

ስለዚህ በእኔ ክፍል ወርቅ መጥራት የሚፈቀደው ሰሙ ተተርኮ ካለቀ በኋላ ነው። ማን ይናገራል? የት ተቀምጦ? በእጁ ምን ይዞ? በዚህ መንገድ ስንሄድ አንዲት ተማሪ «ቡናሽ» የሚለው ላይ ቆመች። «ቡናው» ቢባል ኖሮ፣ አለች፣ የከፋው አገር የማንም ይሆን ነበር፤ አሁን ግን የእሷ ነው።