«ቆሻሻ ሰብሳቢ» ወይስ «ጠፍ አስመላሽ»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ስያሜ የቀረበ ሒስ

ለሙያዊ ቃል አቻ በሚፈለግበት ጊዜ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ችግር ጽንሰ ሐሳቡን ትቶ የባዕዱን ቃል ብቻ መተርጐም ነው። በእንግሊዝኛ «ጋርቤጅ ኮሌክሽን» የሚባለው የኮምፒዩተር አሠራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ተርጓሚው ቃል በቃል ቢመልሰው አሠራሩን «ቆሻሻ መሰብሰብ»፣ ፈጻሚውንም «ቆሻሻ ሰብሳቢ» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስያሜው ጽንሰ ሐሳቡን የሚያዛባ መሆኑን ማስረዳትና በምትኩ ሌላ ማቅረብ ነው።

አስቀድሞ አሠራሩን መግለጽ ይገባል። አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ለሚፈጥራቸው ዕቃዎች ሁሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ቦታ ይይዛል። እንደ ሲ ባለ ቋንቋ የተያዘውን ቦታ የመልቀቅ ግዴታ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ነው፤ መልቀቁን ከዘነጋ ማኅደሩ ይሞላል፤ ያለጊዜው ከለቀቀም ፕሮግራሙ ለሌላ በተሰጠ ቦታ ላይ ይጽፋል። በጃቫ፣ በፓይተን፣ በሲ ሻርፕና በጎ ግን ይህን ኀላፊነት የሚረከበው ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሥርዓት ነው። ይህንም «አስኬጅ ሥርዓት» እንበለው።

የመጀመሪያው ነቀፌታ «ቆሻሻ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቆሻሻ የዋጋ ፍርድ ነው፤ «ከእንግዲህ አይጠቅምም» ማለት ነው። አስኬጅ ሥርዓቱ ግን ስለ ጥቅም የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ፕሮግራሙ ከሚጠቀምባቸው መነሻዎች ተነሥቶ በጠቋሚ እየተመራ ወደ ዕቃው የሚያደርስ መንገድ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ዳግመኛ የማይመለከተውን መረጃ በዝርዝር ውስጥ ቢያከማች፣ መረጃው ለሰው ቆሻሻ ነው፤ ለሥርዓቱ ግን ባለቤት ያለው ንብረት ስለሆነ አይነካውም። በዚህም ምክንያት «ሰብሳቢ» ያለው ፕሮግራም ማኅደሩ ሞልቶ ሊቆም ይችላል። ቆሻሻው ሁሉ ይሰበሰባል ብሎ የተማረ ተማሪ ይህ ሲደርስበት ጥፋቱን የሚፈልገው ከሌለበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ «ሰብሳቢ» በሚለው ላይ ነው። በአብዛኛው አሠራር ሥርዓቱ የሚከተለው የሕያዋኑን ዱካ ነው። በአንዱ ስልት እንዲያውም ሕያዋኑ ዕቃዎች ወደ አዲስ ስፍራ ይዛወሩና የቀድሞው ስፍራ በጅምላ ነጻ ይሆናል፤ እንግዲህ በዚህ ስልት የተሰበሰበው ሕያው እንጂ ቆሻሻው አይደለም።

የባዕዱም ቃል ቢሆን መነሻው ጠንካራ አይደለም። አሠራሩን ለሊስፕ ቋንቋ ያፈለቀው ጆን ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ «ጋርቤጅ» የሚለውን ቃል አልተጠቀመም፤ የተጠቀመበት ቃል መልሶ ለጥቅም ማዋልን የሚያመለክተውና ለመሬትም የሚነገረው ቃል ነው። «ጋርቤጅ ኮሌክሽን» በባልደረቦቹ መካከል የሚነገር እንደ ነበረና በጽሑፉ ሊያሰፍረው እንዳልደፈረ በኋላ ራሱ ገልጿል። የቤተ ሙከራ ቀልድ የዓለም ስያሜ ሆኖ ቢቀር፣ አማርኛ ቀልዱን የመውረስ ግዴታ የለበትም።

በአማርኛ አራሹ የጠፋበት፣ ግብር ከፋይ ያጣ መሬት «ጠፍ» ይባላል። ጠፍ መሬት ቆሻሻ አይደለም፤ ወደ ባለቤቱ የሚያደርሰው መንገድ ስለ ተቋረጠ ለሌላ ሊሰጥ የሚችል ሥፍራ ነው። ጽንሰ ሐሳቡም ይኸው ስለሆነ አሠራሩን «ጠፍ ማስመለስ»፣ ፈጻሚውን «ጠፍ አስመላሽ» ማለት ይሻላል። ዘይቤው ከዚህም አልፎ ያገለግላል። ባለይዞታ እያለው ሳይታረስ የቀረ መሬት «ጦም አደረ» ይባላል እንጂ ጠፍ አይባልም። ከላይ የተጠቀሰው በዝርዝር ውስጥ ተከማችቶ የተረሳው መረጃም «ጦም አዳሪ ይዞታ» ነው። ጠፍ አስመላሹ ጦም አዳሪውን የማይነካው ስለ ምን እንደሆነ ስያሜዎቹ ራሳቸው ያስረዳሉ።

አስኬጅ ሥርዓቶች ጠፉን የሚለዩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ ከወል ስያሜው በታች የዓይነት ስያሜ ያስፈልጋል። ጃቫ፣ ሲ ሻርፕና ጎ ከመነሻዎቹ ተነሥተው ሕያዋኑን ያስሳሉ፤ ይህ «በአሰሳ» ቢባል ይስማማዋል። በስፋት የሚሠራበት የፓይተን ሥርዓት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስንት ጠቋሚ እንዳለ ይቈጥራል፤ ቍጥሩ ዜሮ ሲሆን ቦታው ወዲያው ይለቀቃል፤ ይህ «በቈጠራ» ይባል። እርስ በርሳቸው የሚጠቋቈሙ ሁለት ዕቃዎች ግን ከሌላው ሁሉ ቢለዩም ቍጥራቸው ዜሮ ስለማይሆን፣ ፓይተን በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ ዕትሙ ለዚህ የሚሆን አሰሳ ጨምሯል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ስዊፍት ደግሞ በቈጠራ ብቻ ስለሚሠራ ይህን ክበብ መስበር የጸሐፊው ፈንታ ነው። «ቆሻሻ ሰብሳቢ» የሚለው ስያሜ ይህን ሁሉ ልዩነት በአንድ ጆንያ ይከታል።

ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛ፣ «ጠፍ» ከ«ጤፍ» ጋር ይምታታል ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በኃምስ ስለሚጻፉ በጽሕፈትም በንግግርም ይለያሉ። ሁለተኛ፣ ቃሉ የቀድሞውን የመሬት ሥሪት ያስታውሳል ይባል ይሆናል፤ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ቢሆንም ቃሉ ግን በሥሪቱ አልተወሰነም፤ ሰው የለቀቀው አገር ዛሬም «ጠፍ ሆነ» ይባላል። ሦስተኛ፣ ተማሪው መጻሕፍቱን በእንግሊዝኛ ስለሚያነብ ከእንግሊዝኛው የራቀ ስያሜ ያደናግረዋል የሚል አለ። ለዚህ መድኀኒቱ በመጀመሪያው መጠቀሻ ላይ «ጋርቤጅ ኮሌክሽን» የሚለውን በፊደላችን አጠገቡ ማስፈር ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በተቋቋመው በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ያልገባውን ከባልንጀራው የሚጠይቀው ግን በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ጽንሰ ሐሳቡ የሚጸናው ወይም የሚጣመመው በዚያ ጭውውት ነው። ከመርሳ ወይም ከሐብሩ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ጠፍን ከጦም አዳሪ ለመለየት መምህር አያሻውም፤ ይህን ዕውቀቱን ትተን «ቆሻሻ» ብናስተምረው፣ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቀው አድርገን ማስጠናታችን ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች «ጠፍ ማስመለስ»ን በወል ስያሜነት፣ «በአሰሳ»ና «በቈጠራ»ን በዓይነት መለያነት፣ «ጦም አዳሪ ይዞታ»ንም በተጓዳኝነት መርምረው እንዲፈርዱ ቀርቧል።