«ምንም አይደረግም»

ሰዋስው ያስተማረ ሰው አመል አይለቀውም፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም የዓረፍተ ነገር ባለቤት ይፈልጋል። እኔ ሰሞኑን የምፈልገው «ከዚህ በኋላ ምንም አይደረግም» የምትባለዋን ባለቤት ነው። ካንሰሩ ወደ አከርካሪው የተዛመተበትን ዘመድ ከሐኪም ቤት ይዘን ስንመለስ ለጎረቤት የምናደርሳት እሷኑ ነው። የማያደርገው ማነው? ሐኪሙ? መንግሥት? ቤተሰቡ? ግሱ አድራጊውን ስለደበቀው ሁሉም ከደሙ ንጹሕ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ደግሞ ውሸት ናት። «አይድንም» ሌላ፣ «አይደረግም» ሌላ።

ካንሰር የገባበት አከርካሪ በሁለት በኩል ያሠቃያል። ዕጢው ራሱ ያማል፤ የሳሳው አጥንት ደግሞ ሰውየው በተነሳ በተቀመጠ ቁጥር ይደቅቃል። ለዕጢው ጨረር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ የገባ ከ1,100 በላይ ሕሙማንን ከፍሎ ለገሚሱ አንድ ጊዜ 8 ግሬይ፣ ለገሚሱ ስድስት ጊዜ አራት አራት ግሬይ ሰጠ። ሥቃይ በማስታገስ እኩል ሆኑ። እርግጥ አንዴ ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ኋላ ላይ ድጋሚ ያስፈለጋቸው ይበዛሉ።

ለደቀቀው አጥንት ደግሞ ሲሚንቶ አለ። አትሳቁ፤ ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይዋ አሚየን ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ ያኔ የታከመው ካንሰር ሳይሆን የአንገት አጥንት ላይ የወጣ የደም ሥር ዕጢ ነበር። በራጅ እየታየ በመርፌ ይገባል፣ ይደርቃል፣ አጥንቱን ይደግፋል። ጨረር እስኪያስታግስ ሳምንታት ሊፈጅ ሲችል፣ ሲሚንቶው ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ያሳርፋል። ዕጢውን ግን አይነካውም፤ ሁለቱን አከታትሎ መስጠት የመጣው ከዚህ ነው። ሲሚንቶው አፈትልኮ ነርቭ ሊጫን ስለሚችል ለሁሉም አይሆንም። እግሩ የሰነፈ ሕመምተኛ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ያ አስቸኳይ ነው።

አገራችን ለረጅም ዓመታት ጨረር የነበራት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወገቡን መቀነት ያሰረ ሰው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ለአሥር ቀን ጨረር አልጋ ተከራይቶ እንደሚከርም አስቡት። ለእሱ የአንድ ቀኑ ጨረር ተራ የሕክምና ዝርዝር አይደለም።

ሲሚንቶውማ በየከተማው አይገኝም። ታዲያ «እዚህ የለም» ይባላ! ይቺኛዋ ቢያንስ ቦታ ትጠቁማለች፤ የሰማት ልጅ «የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል።